ከካውካሰስ ተራሮች እስከ አራኪስ በረሃ፦ «ዱን» ከየትኛው ታሪክ ተቀዳ?

አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ሄርበርት «ዱን» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በመጽሐፍ ካሳተመ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ መነጋገሪያነቱ ግን አልበረደም። ካናዳዊው ዳይሬክተር ዴኒ ቪልነቭ በ2021 እና በ2024 ያወጣቸው ሁለት ፊልሞች በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ታይተዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለዲሴምበር 2026 ተቀጥሯል። በጌሙም ዓለም ስሙ በየጊዜው ይነሣል። ይሁንና ብዙ ተመልካች ከሲኒማ ቤት ይዞት የሚወጣው ታሪክ፣ አንድ የመኳንንት ልጅ ወደ በረሃ ተሰድዶ፣ የተጨቆነ ሕዝብ አስከትሎ፣ ጠላቶቹን ድል የነሣበት የጀግና ገድል ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ግን እንዲህ ያለውን ገድል የሚያምን ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደራሲው ከየትኛው እውነተኛ ታሪክ እንደቀዳ ማየት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ታሪኩ ባጭሩ ስለ ምንድን ነው?

ዘመኑ ከእኛ በብዙ ሺህ ዓመታት ይርቃል። የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ተበትኗል፤ አስተዳደሩ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ መሳፍንታዊ ሆኗል። በላይ ንጉሠ ነገሥት አለ፤ በሥሩ ደግሞ አንዳንድ ፕላኔት እንደ ጉልት የተሰጣቸው ታላላቅ ቤቶች አሉ። ከዘመናት በፊት በተካሄደ ጦርነት የሚያስቡ ማሽኖች ሁሉ ስለተደመሰሱና እነሱን መሥራትም በሃይማኖት ስለተከለከለ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከኮከብ ኮከብ የሚጓዘውን መርከብ የሚመሩት፣ ሜላንጅ የተባለ ቅመም እየወሰዱ አእምሯቸው መጪውን አደጋ አስቀድሞ የሚያይላቸው ሰዎች ናቸው። ቅመሙ ዕድሜም ያረዝማል። የሚገኘው ግን በአንድ ቦታ ብቻ፣ አራኪስ በተባለችው ደረቅ ፕላኔት ላይ ነው፤ «ዱን» የቅጽል ስሟ ሲሆን ትርጉሙም የአሸዋ ክምር ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ አራኪስን ከሃርኮነን ቤት ነጥቆ ለአትሬዲስ ቤት ይሰጣል። ስጦታው ወጥመድ ነው፤ መስፍኑ ይገደላል፤ ልጁ ፖልና እናቱ ጄሲካ ወደ በረሃው ይሸሻሉ። እዚያ የሚኖሩት ፍሬመን የተባሉ ሰዎች ከሰውነታቸው የሚወጣውን እርጥበት አጣርቶ ለመጠጥ የሚመልስ ልብስ ለብሰው፣ ትላልቅ የአሸዋ ትሎችን እንደ ፈረስ እየጋለቡ የሚኖሩ የበረሃ ተዋጊዎች ናቸው። ፖልንም ሲጠብቁት የኖሩት ነቢይ አድርገው ይቀበሉታል።

እዚህ ላይ ችላ ሊባል የማይገባው ነገር አለ። ያ ትንቢት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቤኔ ጌሰሪት የሚባል ምስጢራዊ የሴቶች ማኅበር ከብዙ ዘመን በፊት መልእክተኞቹን ወደየፕላኔቱ እየላከ በየሕዝቡ መካከል ሆን ብሎ የዘራው ተረት ነው፤ ዓላማውም ከማኅበሩ አባላት አንዷ አንድ ቀን ችግር ላይ ብትወድቅ መሸሸጊያ እንድታገኝበት ነው። ጄሲካ የማኅበሩ አባል ስለሆነች ተረቱን ታውቀዋለች፤ ትጠቀምበታለችም። አንድ ገበሬ ለክፉ ቀን ብሎ ጉድጓድ ውስጥ እህል እንደሚቀብር ሁሉ፣ እነዚህ ሴቶች በሰው ልብ ውስጥ እምነት ቀብረዋል። እህሉን የሚያወጣው ግን ሁልጊዜ የቀበረው ሰው አይደለም፤ የታሪኩም አደጋ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ሐሳቡ ከየት ተነሣ?

ከሣር ነው የተነሣው። ሄርበርት በ1957 ጋዜጠኛ ሳለ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፍሎረንስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ የሚካሄድ አንድ የመንግሥት ሥራ ለመዘገብ ይሄዳል። ነፋስ የሚገፋው አሸዋ መንገድና ቤት እየዋጠ ሕዝቡን ስላስቸገረ፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ሥሩ አሸዋ የሚይዝ ሣር እየተከሉ ሊያስቆሙት ይሞክሩ ነበር። ሄርበርት ያን የአሸዋ ባሕር ካየ በኋላ ስለ በረሃ፣ በበረሃ ስለሚኖሩ ሕዝቦችና ከበረሃ ስለተነሡ ሃይማኖቶች ሳያቋርጥ ማንበብ ያዘ። ሊጽፈው ያሰበው መጣጥፍ ታትሞ አያውቅም። ንባቡ ግን ዓመታት ፈጅቶ ልብ ወለድ ሆነ፤ መታሰቢያነቱም በደረቅ መሬት ላይ ለሚሠሩ የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች ተበረከተ።

የዚያ ሣር መጨረሻ ራሱ ከመጽሐፉ ጋር ይገናኛል። ከአውሮፓ የመጣው ይህ ሣር ከታሰበው በላይ ተስፋፍቶ የአካባቢውን ተፈጥሮ ስለለወጠ፣ ዛሬ በዚያው ባሕር ዳር አሸዋው ተመልሶ እንዲንቀሳቀስ ሣሩን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። በሄርበርት ተከታታይ መጻሕፍትም ፍሬመኖች ያልሙት የነበረው ልምላሜ ወደ አራኪስ ሲመጣ፣ ውኃ ለአሸዋ ትሎቹ መርዝ በመሆኑ ትሎቹን ያጠፋል፤ ቅመሙን የሚያስገኙትም ትሎቹ ናቸው።

መጽሐፉ በመጀመሪያ ከ1963 እስከ 1965 «አናሎግ» በተባለ መጽሔት በክፍል በክፍል ወጣ። በአንድ ጥራዝ ለማሳተም ሲሞከር ከሃያ በላይ አሳታሚዎች አልፈለጉትም፤ በመጨረሻ ያሳተመው በመኪና ጥገና መመሪያዎች የሚታወቀው ቺልተን የተባለ ድርጅት ነው።

ኢማም ሻሚል ከፍሬመን ጋር ምን አገናኘው?

ስለ «ዱን» ምንጮች ሲነሣ ብዙዎች የዐረብን በረሃ ያስባሉ፤ ከዚያ ባላነሰ የተቀዳበት ምንጭ ግን በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ያለው ተራራማው ካውካሰስ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሌዝሊ ብላንች በ1960 ስለ ኢማም ሻሚል «የገነት ሰይፎች» የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ ሄርበርትም ከዚያ መጽሐፍ ብዙ ቃላትንና ልማዶችን ወሰደ።

ሻሚል በዳግስታን የተወለደ የሃይማኖትና የጦር መሪ ነበር። ከ1834 እስከ 1859 የዳግስታንንና የቼችንያን ተራሮች ምሽግ አድርጎ፣ በቁጥርም በመሣሪያም እጅግ የሚበልጠውን የሩሲያ ጦር ሃያ አምስት ዓመት ተቋቋመ። ተከታዮቹ የእምነትና የጦር ሥርዓትን አንድ ላይ ያደረጉ፣ የአገራቸው አስቸጋሪነት ያጠነከራቸው ተዋጊዎች ነበሩ። የፍሬመን ባሕርይ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ተራራው በአሸዋ መተካቱ ብቻ ነው።

በ1839 ሩሲያውያን አኩልጎ የተባለውን የገደል ላይ ምሽግ ሰማንያ ቀን ያህል ከበቡት። ሻሚል ለድርድር ሲል የበኩር ልጁን ጀማሉዲንን መያዣ አድርጎ ለጠላት ሰጠ። ድርድሩ ፈረሰ፤ ልጁ ግን አልተመለሰም። በሴንት ፒተርስበርግ በዛሩ ጥላ ሥር አደገ፤ የሩሲያ ጦር መኮንን ሆነ። አባቱ አልረሳውም። በ1854 የሻሚል ሰዎች ወደ ጆርጂያ ዘምተው ሁለት ልዕልቶችን ከነቤተሰቦቻቸው ማረኩ፤ በዓመቱም ልዕልቶቹ በልጁ ተለወጡ። ወደ ተራራው የተመለሰው ጎልማሳ ግን የሩሲያን ኑሮ የለመደ፣ በተወለደበት አገር እንግዳ የሆነ ሰው ነበር፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1858 ሞተ። አባቱ በበኩሉ በ1859 እጁን ሰጥቶ ወደ ሩሲያ ተወሰደ፤ የሞተው በ1871 በመዲና ነው። በሁለት ዓለም መካከል ቆሞ የሁለቱም ሳይሆን የቀረ ልጅ፣ በእምነት ስም የተመራ ረጅም ጦርነት፣ እንደ ዕቃ የሚለወጡ የመኳንንት ልጆች፣ እነዚህ ሁሉ ለ«ዱን» አንባቢ አዲስ አይደሉም።

ቃላቱም ይመሰክራሉ። በመጽሐፉ ውስጥ በቤቶች መካከል ያለ የደም ቂም «ካንሊ» ይባላል፤ ይህ በካውካሰስ የደም መመለስ ልማድ ስም ነው። «ኪንጃል» የካውካሰስ ጩቤ ነው። «ቻኮብሳ» ብላንች የጠቀሰችው የካውካሰስ ምስጢራዊ ቋንቋ ስም ሲሆን፣ በቪልነቭ ፊልሞች የፍሬመን ቋንቋ መጠሪያ ሆኗል፤ ለፊልሞቹም የቋንቋ ባለሙያ ቀጥረው ሙሉ ሰዋስው አበጅተውለታል። ጥበብ ከተራራ ይመጣል የሚለውን የካውካሰስ አባባል እንኳ ሄርበርት ተራራውን በበረሃ ተክቶ ተጠቅሞበታል።

ከበረሃውስ የመጣው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ ከ1916 እስከ 1918 በኦቶማን መንግሥት ላይ በተካሄደው የዐረቦች ዐመፅ ተሳትፏል። ልብሳቸውን ለብሶ፣ ግመላቸውን ጋልቦ፣ በጁላይ 1917 በረሃውን አቋርጠው ወደቧን አቃባን ከየብስ በኩል በያዙት ተዋጊዎች መካከል ነበር። ለዐረቦቹ ነጻነት ቃል ሲገባ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ አገሩን በምስጢር ተከፋፍለውት ነበር፤ ሎውረንስም በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ይህ ኅሊናውን እንዳቆሰለው ተናዟል። ፖል ከውጭ መጥቶ የሌላ ሕዝብ መሪ የሚሆን፣ የዚያን ሕዝብ ተስፋ ለራሱ ቤት በቀል የሚያውል ሰው መሆኑን ስናይ የሎውረንስ ጥላ ይታየናል።

የስሞቹን ነገር የእኛ ቋንቋ አንባቢ ከማንም በፊት ይሰማዋል። ፍሬመኖች ፖልን «ሊሳን አል ጋኢብ» ይሉታል። በዐረብኛው «ሊሳን» ያው የእኛ «ልሳን» ነው፤ ትርጉሙም የማይታየው ዓለም አንደበት ማለት ሲሆን፣ ቀደም ሲል የፋርሱ ባለቅኔ ሐፊዝ ይጠራበት የነበረ የክብር ስም ነው። «ሙአዲብ» በመጽሐፉ የበረሃ አይጥ ስም ቢሆንም በዐረብኛ አስተማሪ ማለት ነው። «ማህዲ» በእስልምና በመጨረሻው ዘመን ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ መሪ ነው፤ በ1881 በሱዳን ማህዲ ነኝ ብሎ የተነሣው ሙሐመድ አሕመድ በጃንዋሪ 1885 ካርቱምን እንደያዘ የሚያስታውስ አንባቢ ቃሉ ሠራዊት የማንቀሳቀስ ኃይል እንዳለው ያውቃል። ሄርበርት ከሌላም ቀድቷል። አትሬዲስ የሚለው ስም በጥንት የግሪክ አፈ ታሪክ ከሚነገርለት የአትሬዎስ ንጉሣዊ ቤት፣ ሃርኮነን ደግሞ ከፊንላንድ የቤተሰብ ስም የመጣ ነው፤ የፖል መጠሪያ የሆነው «ክዊሳትስ ሃዴራክ» መንገድን ማሳጠር ከሚል የዕብራይስጥ አነጋገር ተወስዷል።

ቅመሙ ነዳጅ ነው?

በከፊል አዎን። አንድ ሸቀጥ የሚገኘው በአንድ በረሃ ብቻ ከሆነ፣ ያለ እሱም ማንኛውም መጓጓዣ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ያን በረሃ የያዘ ሁሉን ይዟል። አምስት ነዳጅ አምራች አገሮች በባግዳድ ተሰብስበው ኦፔክን የመሠረቱት በ1960 ነው፤ ሄርበርት በመጽሐፉ ቾአም የሚል ስም የሰጠው የንግድ ድርጅት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም ቅመሙ ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሱስ ያስይዛል፤ ሲለመድም መተው ሞት ነው። በዓለም ላይ ነዳጅ የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ የታየበት የ1973ቱ የሽያጭ ማዕቀብ የመጣው መጽሐፉ ከታተመ ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያ ዘመን አንባቢዎች መጽሐፉን በአዲስ ዓይን ማየታቸው አያስደንቅም።

ፖል ጀግና ካልሆነ ምንድን ነው?

ሄርበርት በየቃለ ምልልሱ የተናገረው ግልጽ ነበር፤ ሕዝብን የሚማርኩ መሪዎች እንደ መድኃኒት ዕቃ ለጤና አደገኛ ናቸው የሚል ጽሑፍ ሊለጠፍባቸው ይገባል ይል ነበር። ፖል ክፉ ሰው አይደለም። ሩኅሩኅ ነው፤ ደፋር ነው፤ በስሙ የሚነሣውን ቅዱስ ጦርነት አስቀድሞ በራእይ አይቶ ሊያስቀረው ይፈልጋል። ግን አባቱን መበቀልና ነፍሱን ማዳን የሚችለው ጦርነቱን በሚወልደው መንገድ ሄዶ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ይሄድበታል። መሪው ጥሩ መሆኑ ሕዝቡን እንደማያድነው የሚያሳየው ይህ ነው። ችግሩ ያለው ሁሉም ሰው ፍርዱን ለአንድ ሰው አሳልፎ በመስጠቱ ላይ ነው።

ፊልሞቹ ይህን እንዴት ያዙት?

ይህን ታሪክ ወደ ፊልም ማምጣት ከባድ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የፖልን ፍርሃት የምናውቀው ሐሳቡን ስለምናነብ ነው፤ ካሜራ ግን ከውጭ የሚያየው ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ትል ላይ የቆመ ቆንጆ ወጣት ነው። ሐሳቡ ሲወድቅ ገድሉ ብቻ ይቀራል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ቺሊያዊው ዳይሬክተር አሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ ሠዓሊውን ሳልቫዶር ዳሊን ንጉሠ ነገሥት አድርጎ፣ ተዋናዩን ኦርሰን ዌልስን ጨምሮ፣ ለብዙ ሰዓታት የሚዘልቅ ፊልም አቅዶ ነበር፤ ገንዘብ ስላልተገኘ ዕቅዱ በሥዕል ብቻ ቀረ። በ1984 ዴቪድ ሊንች የሠራው ፊልም 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በአሜሪካ ገበያ ወጪውን መመለስ አልቻለም። ሊንች የሰዎቹን ሐሳብ በሹክሹክታ ድምፅ ለማሰማት ሞክሯል፤ በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ቃላቱን የሚፈታ ወረቀት ለተመልካች ይታደል ነበር። ከሁሉ የከበደው ስሕተት ግን በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው። ፖል በተአምር በአራኪስ ላይ ዝናብ ያዘንባል። በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ምክንያቱም ሐሰተኛውን ትንቢት እውነተኛ፣ ፖልንም በእርግጥ አምላክ ያደርገዋልና። በ2000 የተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በገንዘብ ደካማ ቢሆንም ለመጽሐፉ ቅርብ ነበር፤ በ2003 የቀጠለውም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ አንድ ላይ አቅርቧል።

ቪልነቭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለሁለት ከፈለው። የ2021ዱ ፊልም ስድስት ኦስካር ወሰደ፤ የ2024ቱ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አብዛኛው የበረሃ ቀረጻ የተካሄደው በዮርዳኖስ ዋዲ ረምና በአቡዳቢ አሸዋ ላይ ነው፤ ዋዲ ረም ደግሞ ሎውረንስ በ1917 ከተዋጊዎቹ ጋር የሰፈረበት ሸለቆ ነው። በዚያ ቀይ ድንጋይ ሥር የፊልሙ ፖል ሲሄድ የታሪኩ ምንጭና ታሪኩ በአንድ ቦታ ቆመዋል።

ቪልነቭ በሁለተኛው ፊልም ያደረገው ትልቁ ለውጥ የፖልን ወዳጅ ቻኒን የሚመለከት ነው። በመጽሐፉ ቻኒ ከጎኑ አትለይም። በፊልሙ ግን ትንቢቱን የማታምን፣ ባዕድ ሰዎች ሕዝቧን ለባርነት ያበጁት ተረት ነው የምትል፣ በመጨረሻም ሁሉም ሲንበረከክ ሳትንበረከክ ትልዋን ጠርታ የምትሄድ ናት። ፍሬመኖችም አማኝና ተጠራጣሪ ተብለው ተከፍለዋል። በእኔ ግምት ይህ ከመጽሐፉ ቃል ቢርቅም ለመንፈሱ ይበልጥ የታመነ ነው፤ በመጽሐፉ የፖል ሐሳብ የሚሠራውን ሥራ በፊልሙ የቻኒ ፊት ሠርቶታልና። በሌላ በኩል ፊልሞቹ መጽሐፉ በነጻነት የሚጠቀምበትን «ጂሃድ» የሚል ቃል ትተው «ቅዱስ ጦርነት» ብለዋል፤ ምክንያቱን መገመት ባይከብድም ከእስልምና ታሪክ የተወሰደው ብድር በዚያው ልክ ደብዝዟል።

ጌሞቹስ ምን ወሰዱ?

ጌም ከፊልም የተለየ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? የ1979ኙ የገበታ ጨዋታ ለዚህ የሰጠው መልስ እስካሁን ያስደንቃል። ስድስት ወገኖች አሉ፤ ሁሉም በተለያየ ሕግ ይጫወታሉ። አትሬዲስን የያዘ ሰው የፖል ራእይ ስላለው ለጨረታ የቀረበውን ካርድ ከሌሎቹ በፊት ያያል። ቤኔ ጌሰሪትን የያዘው ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ማን በስንተኛው ዙር እንደሚያሸንፍ በምስጢር ጽፎ ያስቀምጣል። ያ ሰው በተባለው ዙር ካሸነፈ ወረቀቱ ይገለጣል፤ ድሉም የትንቢቱ ጸሐፊ ይሆናል። ስለዚህ ሲረዳህ የቆየው ተጫዋች ለራሱ ትንቢት ሲል እያሳደገህ ሊሆን ይችላል። የመጽሐፉን ልብ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ማስተላለፍ ይሏል ይህ ነው።

በ1992 ሁለት የኮምፒውተር ጌሞች ወጡ። የፈረንሳዩ ክራዮ የሠራው ተጫዋቹን ፖል አድርጎ ታሪኩን ያስኬዳል። ዌስትውድ የሠራው «ዱን 2» ግን ፖልንም ትንቢቱንም ትቶ ኢኮኖሚውን ብቻ ወሰደ። ከባድ ማሽን ልከህ ቅመም ትሰበስባለህ፤ ቅመሙ ገንዘብ ይሆናል፤ በገንዘቡ ፋብሪካ፣ በፋብሪካው ታንክ ትሠራለህ። ተራ መጠበቅ የለም፤ አንተ ስትገነባ ጠላትም በዚያው ሰዓት ይገነባል። ዓይንህን ከማሽኑ ላይ ካነሣህ ትል ከአሸዋው ሥር ብቅ ብሎ በአንድ ጊዜ ይውጠዋል። ሀብት መሰብሰብን፣ መገንባትንና መዋጋትን በአንድ ላይ ያጣመረው ይህ ሥርዓት «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» እና «ዋርክራፍት»ን ለመሰሉ የስትራቴጂ ጌሞች መሠረት ሆኗል።

በጁን 2025 የወጣው የኖርዌዩ ፈንኮም ሥራ «ዱን፦ አዌክኒንግ» ሌላ መንገድ መርጧል። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው በሚጫወቱበት በዚህ ዓለም ፖል ጭራሽ አልተወለደም፤ ጄሲካ የወለደችው ሴት ልጅ ነው። ተጫዋቹ ከፀሐይ ለመሸሽ ከጥላ ወደ ጥላ ይሮጣል፤ ውኃ ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማል፤ ትል ከዋጠው የያዘውን ዕቃ ሁሉ ያጣል። ነቢዩ ሲወጣ የቀረው በረሃው ነው፤ ሄርበርትም የጀመረው ከዚያ ነበር።

ሦስተኛው ፊልም ለምን ይጠበቃል?

ምክንያቱም የሚመሠረተው በ1969 በታተመው በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ በመጽሔቱ ያወጣው አዘጋጅ ጆን ካምቤል ይህንኛውን አልቀበልም ብሎ ስለነበር በሌላ መጽሔት ወጣ። ጀግናቸው ዙፋን ሲይዝ ያዩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ያገኙታል። በአንድ ትዕይንት ፖል ለታማኝ የጦር አበጋዙ ለስቲልጋር የጥንት ታሪክ ሲያስተምር ጄንጊስ ካንንና ሂትለርን ስንት ሰው እንደገደሉ እየጠቀሰ ያነሣቸዋል፤ ስቲልጋር ቁጥሩ እምብዛም አይደንቀውም። ከዚያ ፖል የራሱን ይቆጥራል፤ በስሙ የተገደሉት፣ ዝቅ ተደርጎ ሲገመት፣ 61 ቢሊዮን ናቸው። አጠገቡ የቆመው ካህን የሞቱት ሁሉ እምነት የለሾች ነበሩ ብሎ ይከራከራል። ፖል ግን አማኞች እንደነበሩ ይመልስለታል።